የኖርዌይ ገንዘብ፣ የሰው አገር ፈንጂ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ የምትኖሩ ጎረቤቶቼ፣ ዜና በሰማችሁ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «እገሌ የሚባል አገር ለፈንጂ ማጽጃ ይህን ያህል ሚሊዮን ሰጠ» ይባላል። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምመረመረው እኔ ነኝ። ፈንጂ በሚያጸዳ ፕሮጀክት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሠርቼ ስለማውቅ ነው። ጥያቄያችሁ «እንዴት ይፈነዳል» ከሆነ የተሳሳተ ሰው ጋ መጥታችኋል። «ብሩ የት ይገባል» ከሆነ ግን አረፍ በሉ።

ብዙ ጊዜ የምትጠሩልኝ ኖርዌይን ስለሆነ በእሷ እጀምራለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ኖርዌይ የት፣ እኛ የት! ለሰው አገር ፈንጂ ለምን ትከፍላለች?

አንደኛ፣ ጉዳዩን የራሷ አድርጋ ነው የምታየው። ፀረ-ሰው ፈንጂን የሚከለክለው ስምምነት ጽሑፉ የጸደቀው ሴፕቴምበር 1997 ኦስሎ ላይ ነው። ፊርማው የተካሄደው ዲሴምበር 3 ቀን 1997 ካናዳ፣ ኦታዋ ላይ ስለነበር ሰው ሁሉ የኦታዋ ስምምነት ይለዋል። በዚያው ወር የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእገዳው ዘመቻና ለአስተባባሪዋ ለጆዲ ዊሊያምስ ተሰጠ። እሱም ኦስሎ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ስምምነቱ ራሱ ያስገድዳል። አንቀጽ 6 አቅም ያለው አባል አገር ሌላውን እንዲረዳ ይላል። ኖርዌይ ደግሞ አቅሙ አላት። ሕዝቧ ከአምስት ሚሊዮን ተኩል ብዙም አይዘልም፤ ነዳጅና ጋዝ ግን ሞልቷታል።

ሦስተኛ፣ ሥራውን የሚሠራ የራሷ ድርጅት አላት። የኖርዌይ ሕዝብ ዕርዳታ ይባላል። በ1939 የሠራተኛው ንቅናቄ ያቋቋመው ነው። ፈንጂ ማጽዳት የጀመረው በ1992 ካምቦዲያ ውስጥ ነው።

ስም ማግኘትም አለበት። ትንሽ አገር ከትልልቆቹ ጋር የምትቀመጥበት መንገድ ነው። በበኩሌ ይህ አያስከፋኝም። ቢያንስ አቋማቸው ወጥ ነው፦ የነዳጅ ገንዘባቸውን የሚያስተዳድረው ፈንድ በ2002 ከፀረ-ሰው ፈንጂ ምርት ጋር ከተያያዘ አንድ የሲንጋፖር ኩባንያ ወጥቷል። በአንድ እጅ ከፈንጂ አምራች ትርፍ እየሰበሰቡ በሌላው እጅ ለማጽጃ መስጠት ያሳፍራል።

ከሁሉ በላይ የምትሰጠው እሷ ናት?

አይደለችም፤ አሜሪካ ነበረች። በ2023 ለጋሾች ለዚህ ሥራ ያወጡት ገንዘብ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላዩ የአሜሪካ ነበር። የሚገርመው አሜሪካ የስምምነቱ አባል አይደለችም። ኖርዌይ ከፊተኞቹ ጥቂት አገሮች ተርታ አትጠፋም። በነፍስ ወከፍ ካሰላችሁት ግን አሜሪካን ጥላት ትሄዳለች።

በዚያው ዓመት ከተሰጠው ገንዘብ ዩክሬን ብቻዋን ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዳለች። ይህን ስነግራችሁ የምትናደዱ አላችሁ። እኔንም ይቆረቁረኛል። የዩክሬን ችግር ትልቅ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን የሌሎቹ ፈንጂ በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ብሩ ለመንግሥት ነው የሚሰጠው?

አብዛኛው አይደለም። የኖርዌይ ፓርላማ በጀት ያጸድቃል። መንግሥቱ ከድርጅቶች ጋር የተወሰኑ ዓመታት ውል ይዋዋላል። ተዋዋዩ የራሷ ድርጅት ብቻ አይደለም፤ ሄሎ ትረስትና ማግ የሚባሉት የእንግሊዝ ድርጅቶችም ከኖርዌይ ወስደው ይሠራሉ። የተወሰነው ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ያልፋል። የተቀባዩ አገር መንግሥት ሥልጣን ሌላ ነው፦ የት ይጸዳ፣ ማን ያጽዳ፣ የጸዳው መሬት ደረጃውን አሟልቷል ወይ የሚለውን እሱ ይወስናል።

ክፍያው በአንዴ አይመጣም። የመጀመሪያውን ሳታወራርድ ሁለተኛውን አታየውም። ማወራረድ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ገጠር ላይ ሣር ለሚያጭድ የቀን ሠራተኛ ትከፍላለህ፤ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የክፍያ ዝርዝር ይሠራል። ስም፣ ቀበሌ፣ የሠራበት ቀን፣ የብሩ ልክ፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ሰማያዊ ቀለም ነክሮ ያትማል። ያ ወረቀት አቧራውን እንደ ተሸከመ አዲስ አበባ ይደርሳል። ኦዲተሩ ቁጭ ብሎ አሻራውን አንድ በአንድ ያያል። ሁለት መስመር ላይ አንድ ዓይነት አሻራ የተደገመ ከመሰለው ጉድ ፈላ፤ የወሩ ሪፖርት ሁሉ ይቆማል።

ሌላው ራስ ምታት ምንዛሪ ነው። ውሉ በኖርዌይ ገንዘብ፣ በክሮነር ነው። መሣሪያው የሚገዛው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በአገሬው ገንዘብ ነው። ክሮነር ሲወርድ ማንም ምንም ሳይነካብህ በጀትህ ይሸረሸራል። ዜናው ላይ ግን ያው የመጀመሪያው ሚሊዮን ነው የሚነበበው።

ግማሹ ለፈረንጅ ደመወዝና ለላንድ ክሩዘር ነው የሚባለውስ?

ሐሜቱ ጨርሶ ከመሬት አልተነሣም። የውጭ ባለሙያ ውድ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤትም ለአስተዳደር ብሎ ከመቶ የሚቆርጠው አለው። መስክ ላይ ግን ትልቁ ወጪ የአገሬው ሰው ደመወዝ ነው። ተንበርክኮ አፈር የሚፍቀው፣ የሚነዳው፣ የሚያበስለው፣ ካምፕ የሚጠብቀው የዚያው አገር ሰው ነው።

ላንድ ክሩዘሩን በተመለከተ፣ አንደኛው አምቡላንስ ነው። ከኋላ ቃሬዛ አለው። የሕክምና ባለሙያው ቦታው ላይ ከሌለ ሥራ አይጀመርም። መኪናው ካልተነሣም፣ ሬዲዮው ካልሠራም አይጀመርም። ቡድኑ በሙሉ ደመወዝ እየቆጠረ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ይህን ወጪ ብክነት ነው የሚል ሰው ራሱ ገብቶ ይሞክረው።

ፈንጂ በርካሽ ይሠራል ይባላል። ማውጣቱ ለምን እንዲህ ተወደደ?

እውነት ነው፤ ቀላሉ ፀረ-ሰው ፈንጂ በጥቂት ዶላር ይመረታል። አንዱን ለማስወገድ ግን መቶዎች ይወጣሉ። ውዱ ፈንጂውን ማጥፋት አይደለም። ፈንጂ የሌለበትን መሬት «የለበትም» ለማለት መቻል ነው።

አምካኙ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት መስመር ይሰጠዋል። ፊቱ ላይ መከለያ፣ ደረቱ ላይ ከባድ መከላከያ አለ። ፀሐዩን አስቡት። መጀመሪያ ሣሩን በመቀስ ትንሽ በትንሽ ይቆርጣል። ቀጥሎ የብረት መፈለጊያውን መሬት ለመሬት ያወዛውዛል። ድምፅ ሲሰጥ ቦታውን ምልክት ያደርግና ይንበረከካል። ከዚያ ከጎን በኩል አፈሩን እየፋቀ ይጠጋል፤ ከላይ መጫን አይታሰብም። የሚወጣው ሚስማር ነው። ቀጥሎ የጠርሙስ ክዳን። ቀጥሎ የጥይት ቀለህ። ድሮ ምሽግ የነበረበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ወታደር በልቶ የጣለው የሰርዲን ቆርቆሮ ማለቂያ የለውም። እያንዳንዱ ሚስማር ግን ፈንጂ ነው ተብሎ ነው የሚቆፈረው። ጥልቀቱ በተለምዶ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ሲውል በአንድ ቀን የሚጸዳው መሬት ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ላይበልጥ ይችላል።

የሚብሰው ደግሞ ብረቱ ጥቂት የሆነው ዓይነት ነው። ከእንጨት ሳጥን የሚሠራ የሶቪየት ፈንጂ አለ። መፈለጊያው ሊያጣው ይችላል። ለዚህ ነው ውሻ የሚያስፈልገው። ውሻ ብረት አይፈልግም፤ የሚያሸተው የፈንጂውን ባሩድ ነው። አንድ ውሻ ያለፈበትን ሁለተኛ ውሻ ይደግመዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ለጋሽ አስቀድሞ ለጥናት ይከፍላል። ባለሙያዎች መንደር ገብተው ይጠይቃሉ። የማን ላም የት ሞተች? ምሽጉ በየት በኩል ነበር? እረኞች የማያልፉት በየትኛው ነው? ብዙ ጊዜ ተጠርጥሮ የተመዘገበ መሬት ላይ ሰው ለዓመታት ጤፍ ሲያበቅል ይገኛል። ያ መሬት ያለ ቁፋሮ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። እዚህ ላይ የለጋሾች አንድ ክፉ አመል አለ፦ ሪፖርት ላይ ካሬ ሜትር ማየት ይወዳሉ። ካሬ ሜትር ብቻ ከጠየቅህ ደግሞ ድርጅቱ ካሬ ሜትር ያመጣልሃል፤ ምንም የሌለበትን ሜዳ አበጥሮ። እኔ ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የማየው የተገኘውን ፈንጂ ብዛት ነው። ሰፊ መሬት ጸድቶ ምንም ካልተገኘ ጥናቱ ደካማ ነበር ማለት ነው።

ለኢትዮጵያስ ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል። የእኛ ፈንጂ ታሪክ ረጅም ነው። ከጣሊያን ወረራ ይጀምራል፤ በ1977 እና 1978 የሶማሊያ ጦርነት፣ በደርግ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ1998 እስከ 2000 የኤርትራ ጦርነት ይቀጥላል። በ2001 ሥራውን የሚመራ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የኖርዌይ ሕዝብ ዕርዳታ ዋናው ተዋናይ ነበር። ጥናቱ 1,492 የተጎዱ ማኅበረሰቦችንና 1,916 የተጠረጠሩ ቦታዎችን መዝግቧል። አፋር፣ ሶማሌና ትግራይ በብርቱ የተጎዱት ነበሩ። በኋላ ተሂዶ ሲታይ አብዛኞቹ ቦታዎች ከሥጋት ነፃ ሆነው ተሰርዘዋል። ቅድም ስለ ጥናት ያልኩት ይህንኑ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ እንጦጦ ነው። ፈንጂ አነፍናፊ ውሾች የሚሠለጥኑበት ማዕከል እዚያ ነበረ፤ ከጀርባው የኖርዌዩ ድርጅት ድጋፍ ነበር። በ2012 ድርጅቱ ሥራውን ሲያስረክብ ውሾቹ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ዞሩ። እንጦጦን ለሩጫና ለባሕር ዛፍ ብቻ የምታውቁት ይህንንም እወቁልኝ።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በዲሴምበር 2004 ነው። መሬቱን ለማጽዳት የተሰጣት አሥር ዓመት በጁን 2015 አለቀ። ወደ 2020፣ ከዚያም እስከ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። በመካከሉ ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዳ ተተኳሽ፣ ማለትም ቦምብና የከባድ መሣሪያ ጥይት፣ ተበትኖ ቀረ። የድሮው ዝርዝር ሳያልቅ አዲስ ዝርዝር ተጨመረ ማለት ነው።

የተጎዱ ሰዎችስ ከዚህ ገንዘብ ያገኛሉ?

ያገኛሉ፤ ግን ከመቶ አሥር አይሞላም። ለእኔ ይህ የሥርዓቱ ትልቁ ነውር ነው። አንድ እግሯን ያጣች ልጅ ባደገች ቁጥር ሰው ሠራሽ እግሯ ያጥራታል፤ በየጊዜው መቀየር አለበት። የለጋሹ ውል ሦስት ዓመት ነው። የእሷ ጉዳት የዕድሜ ልክ ነው። መሬት ሲጸዳ ፎቶ ይነሣል፤ እግር ሲቀየር ማንም አይመጣም።

እኛ የምንኖረው አዲስ አበባ ጥግ ላይ ነው። ፈንጂ የለብንም። ምን አገባን?

የተቀበረ የለብንም። ብረት ግን አለብን። ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው መንገድ ብረት ማቅለጫዎች አሉ። ቁርጥራጭ ብረት ከየአቅጣጫው በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ቆራሊዮውም በየበሩ ለቅሞ ያመጣል። ሚዛኑ አጠገብ ያለውን ክምር ቆም ብላችሁ እዩት። ባሌስትራ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የተጨራመተ ቆርቆሮ፣ የሞተር ቁራጭ። ከዚያ መሀል ዝገት የበላው፣ ጭራው ላይ ክንፍ ያለው ነገር ቢኖር የሚለየው ማን ነው? ዕቃውን የሚያራግፈው ልጅ የሚያየው ኪሎውን ነው። በጦርነት ውስጥ ባለፉ አገሮች ሁሉ ብረት ለቃሚዎች የተተኳሽ ሰለባ ናቸው። መዶሻ ወይም እሳት ሲነካው ደግሞ ከተማ ነው፣ ገጠር ነው አይልም።

እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ አታንከባልሉ፣ ውኃ አትድፉበት። ሰው አርቁና 991 ደውላችሁ ለፖሊስ ንገሩ። ልጁን «አሥር ብር ልጨምርልህ፣ ወስደህ ጣለው» አትበሉት፤ ይሄዳልና። በቅርቡ እዚሁ ሰፈር አንዲት እናት የከሰል ምድጃቸውን የሚያስደግፉበትን ከባድ የብረት ቱቦ አሳዩኝ። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱማ ስንት ዓመቱ! ከጎጆዬ ጋር ነው የመጣው» አሉኝ። ደግነቱ ባዶ የውኃ ቧንቧ ነበር። ግን እሳቸውም እኔም እርግጠኛ የሆንነው ፖሊስ መጥቶ ካየው በኋላ ነው።

ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ደግሞ ግንቦት 27 ቀን 1983ን ታስታውሳላችሁ፤ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው ያን ዕለት ነው። የመሣሪያ መጋዘኖችን ደህንነት ማሻሻልም ለጋሾች ለፈንጂ ከሚሰጡት ገንዘብ ጋር የሚታይ ሥራ ነው፤ አሜሪካ ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ነው የምትይዛቸው።

ኖርዌይ ራሷስ ከስምምነቱ ትወጣለች እንዴ?

በ2025 ሊቱዌኒያ፣ ላትቪያ፣ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ለመውጣት ወስነዋል። ምክንያታቸው ሩሲያ ናት። ኖርዌይም ከሩሲያ ጋር ትዋሰናለች። መንግሥቷ ግን አንወጣም ብሏል።

ገንዘቡ ቢቆምስ?

ይህን በዓይናችን አየነው። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ ፈንጂ የሚያጸዱ ቡድኖች በብዙ አገር ሥራ አቁሙ ተባሉ። የተጀመረ መስመር በግማሽ ቀረ። ሰው የሚያስበው «ሲለቀቅ ይቀጥላሉ» ብሎ ነው። አይቀጥሉም። የሠለጠነው አምካኝ ቤት ኪራይ አለበት፤ ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ውሻ በየቀኑ ካልተለማመደ ፈቃዱ ይወድቃል። ቀይ ቀለም የተቀባውን የድንበር እንጨት ሰው ለማገዶ ይነቅለዋል። ከስድስት ወር በኋላ ገንዘቡ ቢመጣ ከሀ ነው የሚጀመረው፤ ያ ደግሞ ወጪው ሁለት እጥፍ ነው።

ለዚህ ነው ስለ ሚሊዮኑ ብዛት ስትጠይቁኝ «ለስንት ዓመት?» ብዬ የምመልስላችሁ። ሞዛምቢክ ከፈንጂ ነፃ ነኝ ያለችው በሴፕቴምበር 2015 ነው። ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። ኖርዌይን ጨምሮ ለጋሾቹ ዓመት በዓመት ሳይሰለቹ ከፍለዋል። አንድ ዓመት ብዙ ተሰጥቶ ሁለት ዓመት ከሚጠፋ፣ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ ግማሹ ይሻላል። ኖርዌይን የማመሰግንበት ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ብሯ ከአሜሪካ ያነሰ ነው፤ ግን የሚመጣበት ቀን ይታወቃል። ደመወዝ ከፋይ ሆኜ ስለሠራሁ የዚህን ዋጋ አውቀዋለሁ።

እሺ፣ ሥራስ ይገኛል?

ከሁሉ በላይ የምትጠይቁኝ ይህንን ነው፤ አፍራችሁ ግን መጨረሻ ላይ ታነሡታላችሁ። እዚህ አገር ማምከኑ ወደ መከላከያ ከዞረ ቆይቷል። የውጭ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ለነርስ፣ ለሾፌር፣ ለሎጂስቲክስ፣ ለሒሳብ ሠራተኛና መንደር ለመንደር ዞሮ ለሚያስተምር ሰው ነው። የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል ቅድሚያ ያገኛል። «ይህን ያህል ክፈሉና እናስገባችሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። ሲቪያችሁን ደግሞ ለእኔ አትላኩ፤ ከዚያ ሥራ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።